ሲሊንደሩ ሳይለካ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ቁጥር 16 በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ እራፊ አስተምሮናል። ቃሉን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን የአሮጌዋ ሚኒባሳችን ሞተር ወርዶ በጋራዥ ወለል ላይ ተበታትኖ ባየሁ ጊዜ ነው።

መኪናችን ከመቱ ጎሬ መውጣት እንዳቃታት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ዳገት የሞተርን ምስጢር ያወጣል። ከተማ ውስጥ ደኅና የምትመስል መኪና እዚያ ስትደርስ ሰማያዊ ጢስ ትተፋለች፤ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

በስብሰባችን ግማሾቻችን «ለጥምቀት ቀለም ትቀባ» አልን። ሌሎች «ፋሻው ብቻ ይቀየር» አሉ። ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው። (ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ፋሻ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት የጣልያንኛ ቃላት ግን በጋራዣችን ቀርተዋል።) አዛውንቱ መካኒክ በሁለቱም አልተስማሙም። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ይለካ» አሉን።

ሲሊንደሩ በዓይን ሲያዩት እንደ መስተዋት ያበራል። ሲለካ ግን ከላይ በኩል ሰፍቶ ክብነቱን አጥቷል። በአየር ማጣሪያው አልፎ የገባ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ በልቶታል። እንዲህ ባለ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ቢገባ ጥቂት ቀን ሠርቶ ጢሱ ይመለሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተፋቀ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተለቅ ያለ ፒስተንም ገባለት። እኛስ ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ «ተቆጣሁ፣ ጸሎት አስታጎልሁ» ብለን ዋናውን ደብቀን አልተመለስንምን? ሳንለካ ፋሻ ቀየርን እንጂ ሌላ ምን አደረግን?

የካምቢዮው ነገር ለብቻው ነው። ማርሽ ሲገባ ይጮህ የነበረው በውስጡ ያሉት የናስ ቀለበቶች አልቀው ነው። ናስ ከማርሹ ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት ሳይጋጩ እንዲገጥሙ እየተፋተገ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል፤ ራሱ ግን ያልቃል። በማኅበራችንም የተጣሉትን ሲያስማሙ ያለቁ አሉ። ስማቸውን ብጠራ አይወዱም።

ሞተሩ ሲከፈት ብሮንዚኖቹም ተቃጥለው ተገኙ። መካኒኩ ቀና ብለው «ዘይቱን ማን ነበር የሚያየው?» ሲሉ ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። ከሁሉ ይልቅ ዝም ያልሁት እኔ ነበርሁ። ከጎሬው ጉዞ በፊት ዘይት ማየት የእኔ ተራ ነበር። ከምልክቱ በታች መውረዱን አይቼ ነበር፤ መዘምራኑ ተሳፍረው ስለ ነበር «አስረፈድክብን» እንዳልባል ፈርቼ ክዳኑን ዘጋሁት። እናንተ ከቁርሳችሁ ቀንሳችሁ ለጥገናው ስታዋጡ እኔም ከእናንተ ጋር አዋጣሁ፤ አመሰገናችሁኝም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ለእናንተ ግን እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልተናገርሁም፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን ሞተሩ ሮዳጅ ላይ ነው። አዲሱ ፋሻና የተፋቀው ሲሊንደር እስኪላመዱ ድረስ ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጫንና ሳይጣደፍ መነዳት አለበት። ፍልሰታን ጾሞ ንስሐ የገባ ወጣት በሳምንቱ ካልሰበክሁ ሲል ይህን ቢያስብ ደስ ይለኛል። እኔም ኮሚቴው ያቀረበልኝን የጸሐፊነት ሥራ ለጊዜው ይቆይልኝ ብያለሁ። ዘይት የማየቱን ተራ ግን አልተውሁም፤ ቅዳሜ ማታ ከአንድ ወንድም ጋር ሆነን እናየዋለን፤ መጠኑንም በደብተር ጽፈን ሁለታችንም እንፈርማለን።