የቁም ተዝካር

ሰው በሕፃንነቱ የቀመሰውን ጣዕም እስከ ሽምግልናው ድረስ አይረሳውም። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ላደግን ሁሉ፣ የበልግ ገብስ ሳይደርቅ ቆርጠን፣ በእሳት ለብለብ አድርገን፣ በመዳፋችን አሽተንና ገለባውን እፍ ብለን የበላነው እሸት ዛሬም በአፋችን አለ።

ይሁን እንጂ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብ ካለፉት አሠርት ዓመታት ወዲህ እያነሰና ጊዜውን እየሳተ ሄዷል፤ ሊቃውንትም ነገሩን ከውቅያኖሶች መሞቅ ጋር ያያይዙታል። ዝናብ የቀረበት ገበሬ ለዘር ያኖረውን ይበላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሚዘራው ከገበያ ያገኘውን ነው። ገለባው በቀላሉ የሚለቀውና ለቆሎ የሚወደደው፣ ሰነፍ ቆሎ የተባለው ገብስ ከማሳ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሠዓሊው ይህን እሸት በሸራ ላይ ቢሥለው፣ ባለቅኔውም ቢገጥምለት መልካም ሠሩ እንላለንን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የቁም ተዝካሩን የሚያወጣ ሰው ለገዛ ነፍሱ አስቦ ነው፤ ለታመመ ወንድሙ ግን መድኃኒት ሳይፈልግ ተዝካር የሚደግስለትን ማን ደግ ይለዋል? ከደጋው ወጥተን በከተማ በደመወዝ የምንኖር ሰዎች ናፍቆታችን ምንም አያስከፍለንም፤ ዝናቡ ሲቀር የሚራበው ሌላ ነው።

ነገር ግን ጥበብ ዝም ትበል ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በአገራችን እየተዘዋወረ የእህል ዘር ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1976ም በአዲስ አበባ የዘር ማስቀመጫ ተቋቋመ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ዘር በቀዝቃዛ ቤት ብዙ ዘመን ይኖራል፤ እሸቱ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚታሽ፣ ስለ ምን እንደሚወደድ ግን ከሰው ልብ በቀር ማስቀመጫ የለውም። ያልተወደደውን ዘር ደግሞ ማንም መልሶ አይዘራውም። የጥበብ ሥራ ተገቢነቱ በዚህ ነው፤ ዕዳውም በዚሁ ነው። የእህሉን ስም፣ የዘራውን እጅ፣ የዝናቡንም መቅረት ሳይሸፍን በእውነት መናገር ይገባዋል።

ሥዕሉን ያየ ልጅ፣ «አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ መልሳችን «ድሮ እንበላው የነበረ ነው» ብቻ ከሆነ ተዝካር አወጣን ማለት ነው። «ዘሩ አለ፤ ና እንዝራው» ለማለት ከቻልን ግን ሥዕሉ ራሱ ዘር ሆነ።