ሰዓታችሁ ሲነዝር

 

የዛሬው ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል። ሌሊት ያሰራችሁት ስማርት ሰዓት ነዘረና «የልብ ምትዎ የተዛባ ይመስላል» አላችሁ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ? «የተጻፈልኝ አይቀርም» ብላችሁ ትተኛላችሁ? ወይስ እስከ ፈጅር ድረስ በየአምስት ደቂቃው ትለካላችሁ? የመጀመሪያውን ተወኩል፣ ሁለተኛውን ጥንቃቄ እንለዋለን። ሁለቱም ስማቸው አይደለም ብዬ እፈራለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱ የሚያውቀውን እንወቅ። ከስሩ ያለው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳችን ስር የሚያልፈውን ደም እየተከታተለ ምት ይቆጥራል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ አፕል ዋች ላይ ጣትን ለ30 ሰከንድ በማሳረፍ ኢሲጂ ማንሳት ተችሏል። የሆስፒታሉ ኢሲጂ ልብን ከ12 አቅጣጫ ያያል፤ ሰዓቱ ግን ከአንድ ብቻ። በዋናነት የሚፈልገው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን መዛባት ነው። በዚህ ህመም የልብ የላይኛው ክፍል በስርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

በ2019 በታተመ ጥናት ከ400 ሺህ በላይ የሰዓቱ ተጠቃሚዎች ተሳትፈው ነበር። ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው መካከል በኋላ ደረታቸው ላይ መመርመሪያ ለጥፈው ውጤቱን ከላኩት ውስጥ ህመሙ የተገኘባቸው 34 በመቶው ናቸው። መዛባቱ መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ ግን የቀሩት ሁሉ ጤነኞች ነበሩ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የሰዓቱ ንዝረት የቂን አይደለም። ዝምታውም የቂን አይደለም።

ዉዱእ እንዳለው እርግጠኛ የሆነ ሰው በጥርጣሬ ብቻ ሶላቱን እንደማያቋርጥ ተምረናል። ጥርጣሬ በመጣ ቁጥር የሚታጠበውን ወስዋስ ይዞታል እንላለን። ሌሊቱን ሙሉ ልቡን የሚለካውስ ከዚህ በምን ይለያል? ነገር ግን «ወስዋስ ነው» ብሎ ማለፍም መልስ አይሆንም። የሰውነት ጥርጣሬ የሚጠየቅ ባለሙያ አለውና። አካላችን አማና ነው፤ ጠይቆ ማወቅ እየቻሉ መተው ግመልን ሳያስሩ ተወኩል ማለት ነው። እንግዲህ አንዴ በደንብ ጠይቁ፣ ሐኪም የሚላችሁን አድርጉ፣ የቀረውን ለአላህ ተዉት። ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ሰዓቱን አትጠይቁ። የልብ ድካምን መለየት አይችልም፤ «ደህና ነህ» ቢላችሁም ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መዛባት በብዛት የሚገኘው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ነው። ሰዓቱ ያለው በእኛ እጅ፣ ስጋቱ ያለው በእናት አባቶቻችን ደረት ላይ ነው። እኛ የራሳችንን ምት በቀን አስር ጊዜ እናያለን። እማ ደረጃ ስትወጣ ቆማ ስትተነፍስ፣ አባ «ልቤን ይመታኛል» ብሎ ነገሩን በሳቅ ሲያልፈው ግን ስልካችን ላይ ነን።

ዛሬ ከጁምዐ ስትመለሱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሁለት ጣታችሁን በእጃቸው አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች አሳርፉ፤ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ምቱ የሚዘልና የሚረባበሽ ከመሰላችሁ ይዛችኋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደህና ከሆነም ምንም አልከሰራችሁም፤ አንድ ደቂቃ የእናታችሁን እጅ ይዛችኋል።

አላህ የወላጆቻችንን ዕድሜ በጤና ያርዝምልን። አሚን።