የተከፈለ ዋጋ፣ ያልተጠራ ስም

ለመሆኑ አንድ ከያኒ «ይህ ሥራ የእኔ ነው» ብሎ ስሙን ሲያኖር ምን ማለቱ ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ በሙዚቃው መስክ ግን አዲስ መልክ ይዞ ቀርቧል። የሙዚቃ ማቀናበሪያ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አስቀድመው የተዘጋጁ የከበሮ ምቶችን፣ የቤዝ ጊታርና የኪቦርድ ሐረጎችን ለተጠቃሚው ያቀርባሉ። «ሉፕ» የሚባሉት እነዚህ አጫጭር የድምፅ ቅንጣቢዎች ሳይቆራረጡ እየተደጋገሙ እንዲሄዱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሙዚቀኛው መርጦ ይደረድራቸዋል፤ በላያቸው ይዘፈናል፤ ሥራውም በስሙ ለገበያ ይወጣል። ይህ ፈጠራ ነው ወይስ የሌላውን ድካም በራስ ስም መሸጥ?

ከሁሉ አስቀድሞ የሕጉን ነገር እናንሣ። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጋራዥባንድ የተባለው ፕሮግራም ከነሉፖቹ የሚቀርብ ነው። ተጠቃሚው በድርሰቱ ውስጥ አስገብቶ ቢሸጣቸው ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም፤ የተከለከለው ሉፑን ብቻውን መልሶ መቸርቸር ነው። እንግዲህ ሌብነት የለም። ሌብነት የለም ማለት ግን የሞራሉ ጥያቄ ተዘጋ ማለት አይደለም።

«ሉፕ የተጠቀመ አልፈጠረም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህን ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሪሃና «አምብሬላ» ይፈትነዋል። የዘፈኑ የከበሮ ምት ከዚያው ከጋራዥባንድ የተወሰደ፣ «ቪንቴጅ ፈንክ ኪት 03» የሚባል ሉፕ ነው። ምቱን ፕሮግራሙ ያለው ሰው ሁሉ ሊያገኘው ይችል ነበር፤ «አምብሬላ»ን ግን የሠሩት ጥቂቶች ናቸው። በብሪታንያ ለ10 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ የቆየውን ይህን ሥራ ዘፈን ያደረገው የዜማው፣ የግጥሙና የአዘፋፈኑ ውሕደት ነው። ድንጋዩን የጠረበው ሌላ ስለሆነ ግንበኛው ግንበኛ መባሉ አይቀርም።

በእኛስ አገር በትዝታ ዜማ ስንቱ ድምፃዊና ስንቱ አዝማሪ አልተጫወተም? ማንም ግን ሰረቀ አላለውም፤ ዜማው የሕዝብ ሀብት መሆኑን ዘፋኙም አድማጩም ያውቃሉና። አድማጭ የሚያደንቀው በዚያ ላይ የተጨመረውን ስንኝና የድምፁን ለዛ ነው። ሉፕ ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘመናት ያዳበሩት የወል ሀብት ሳይሆን የታወቀ ባለሙያ የመታው ወይም ያቀናበረው የሥራ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ አድማጩ ይህን አያውቅም።

እዚህ ላይ የሁለት ከበሮ መቺዎችን ዕጣ እናነጻጽር። ክላይድ ስታብልፊልድ ከጄምስ ብራውን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1969 በተቀረጸው «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታት አጭር ምት፣ በኋላ ዘመን እየተቆረጠች እጅግ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ገባች። የድርሰቱ መብት የእርሱ አልነበረምና ከዚያ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት ግን የሙዚቃው ዓለም ስሙን አንሥቶ አመሰገነው። የሉፑ ከበሮ መቺ ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። የሥራውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዘፈኑ በተነሣ ቁጥር ስሙ አይነሣም። ለአንዱ ስም ያለ ዋጋ፣ ለሌላው ዋጋ ያለ ስም ደረሰው። ሁለቱም ግማሽ ፍትሕ ነው።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን የኢኮኖሚ መብትና የሞራል መብት ለይቶ ማስቀመጡ በከንቱ አይደለም። ከሥራ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ «የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ሌላ ነው። የፕሮግራሙ ፈቃድ የመጀመሪያውን ዕዳ ይከፍላል፤ ሁለተኛውን አይሰርዝም።

«ገጣሚስ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ራሱ ፈጠራቸውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አልፈጠራቸውም፤ ቃል የሁሉ ነው። ሌላ ሰው አስቦ የደረደረውን ሐረግ ሲወስድ ግን ከየት እንዳገኘው መናገር ይገባዋል። የሙዚቀኛውም ግዴታ ከዚህ አይበልጥም። መጀመሪያ፣ ሉፑ ቢነሣ ከዘፈኑ ምን እንደሚቀር ራሱን ይጠይቅ፤ ምንም የማይቀር ከሆነ ስሙን ለማኖር አይቸኩል። ቀጥሎም በአልበሙ ላይ የመቺውን ስም፣ እርሱ ካልታወቀ ሉፑ የተገኘበትን ክምችት ይጥቀስ። ይህ አንድ መሥመር ቢያስጽፈው እንጂ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ የራሱንም ድርሻ አይቀንስበትም።