ማን ዘራው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጓሮ የቃሪያ መደብ ላይ ማንም ያልተከለው ችግኝ ብቅ ይላል። ቁመቱ ከቃሪያው እኩል ነው፤ ቅጠሉም ከሩቅ ሲያዩት የቃሪያ ይመስላል። የሚያሳብቅበት ከመስመር ወጥቶ መብቀሉ ብቻ ነው። የጓሮው ባለቤት ጎንበስ ብላ ስታየው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ከአፏ የሚወጣው «ይሄን ደግሞ ማን ዘራው?» የሚል ጥያቄ ነው። ምንነቱን መጠየቅ ቢመጣም ኋላ ይመጣል። ማንም እንዳልዘራው፣ ማለትም ወፍ ዘራሽ እንደሆነ ከታወቀ ዕጣው እዚያው ይቆረጣል፤ ይነቀላል። በዚህች ትንሽ ልማድ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተሸርበዋል፤ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ምን ይደረግ? ሁለተኛው ለመጀመሪያው ማስረጃ ያቀብል ይሆናል እንጂ ሊተካው አይችልም፤ ሁለቱም ተመልሰው እንኳ ሦስተኛው ገና ክፍት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ በተግባር ግን ከጓሮ እስከ ቤተ ሙከራ ሲደባለቅ የኖረ ነገር ነው።

ችግኙን ከቅርብ እንየው። በቃሪያ መደብ ላይ ሳይጠሩ ከሚመጡት መካከል አውጥና አስተናግር ይገኙበታል። ሦስቱም ከድንችና ከቲማቲም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በችግኝነታቸው ቢመሳሰሉ አይገርምም። የቃሪያ ቅጠል ልሙጥና አንጸባራቂ ነው። የአውጥ ደብዘዝ ይላል፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ በጣት ሲዳስሱት ስስ ጠጉር ሊኖረው ይችላል። አስተናግር፣ አጠፋሪስም ይሉታል፣ ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል፤ ቅጠሉን አሸት አድርጎ ላሸተተው ጠረኑ አይረሳም። አበባ ሲመጣ ልዩነቱ ይጎላል። የቃሪያ ነጭ አበባ ብዙውን ጊዜ ከቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ለብቻው አጎንብሶ ይወጣል። የአውጥ ነጭ አበቦች በአንዲት ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ በቡድን ይንጠለጠላሉ፣ መሐላቸው ቢጫ ሾጣጣ ይታያል፣ ኋላም አተር የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ ቋጥረው ፍሬው ይጠቁራል። የአስተናግር አበባ ረጅም መለከት ነው፤ ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ለስንግ ይሆናል፤ የሁለተኛውን የበሰለ ጥቁር ፍሬ የገጠር ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል፤ ሦስተኛው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ መርዞች ስላሉት አእምሮ ያስታል፣ ሲበዛም ይገድላል። ይህ ሁሉ ሲዘረዘር የዘሪው ማንነት አንድም ቦታ አላስፈለገም።

እርግጥ ትዝታም ማስረጃ ነው። «እዚህ የዘራሁት ቃሪያ ነው፤ ስለዚህ ይሄ ቃሪያ ነው» ማለት ከባዶ ግምት ይሻላል። ችግሩ ትዝታው ከተክሉ በላይ ሲታመን ነው፤ አፈር ሰው የረሳውን፣ ጭራሽም ያላወቀውን ዘር ይዞ ይቆያልና። በ1879 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ20 በላይ ዓይነት ተክሎችን ዘር ከአሸዋ ጋር በ20 ጠርሙሶች ሞልቶ በሚሺጋን ቀበረ፤ የተቀበረበትም ቦታ ከተተኪ ወደ ተተኪ በምሥጢር ሲተላለፍ ኖረ። በ2021 አንዱ ጠርሙስ ተቆፍሮ ሲወጣ ከ140 ዓመት በላይ የተኙ ዘሮች በቀሉ። የበቀሉት እኛ ቀጠጢና ወይም የአህያ ጆሮ የምንለው ተክል ዘመዶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግን የሁለት ዝርያዎች ድቅል ሆኖ ተገኘ። ቢል ድቅል ቀብሬያለሁ ብሎ አልመዘገበም፤ ጉዳዩን የቆረጠው የተክሉ የዘረመል ምርመራ ነው። በዕፀዋት ጥናት ታሪክ እንደዚህ በጥንቃቄ የተያዘ የዘር መዝገብ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል ለበቀለው ተክል ተወ። የጓሮ ባለቤት ትዝታማ ከዚህ መዝገብ በምን ይበልጣል?

አርስቶትል ስለ ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል አንቲፎን የተባለ አሳቢ ያቀረበውን ምሳሌ ያነሳል። አልጋ መሬት ውስጥ ቢቀበርና በስብሶ ቡቃያ ቢያወጣ፣ የሚወጣው እንጨት ይሆናል እንጂ አልጋ አይሆንም። የአናጢው ሐሳብ አይበቅልም። አርስቶትል ምሳሌውን እንዳለ አልተቀበለውም፣ ከአንቲፎን ጋር የሚከራከርበት ጉዳይ አለው፤ ለእኛ ጥያቄ ግን የሚበቃን ይህ ነው። የዘሪውም ሐሳብ ዕድሉ ከአናጢው አይሻልም። ቃሪያ እንዲሆን አስቦ የዘራው ሰው ሐሳቡን አፈር ውስጥ አላስገባም፤ ያስገባው ዘሩን ነው፣ ዘሩም የራሱን ያወጣል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ከዳርዊን ወዲህ ሳይንስ ራሱ ፍጥረታትን የሚመድበው በትውልድ ሐረጋቸው ከሆነ፣ «ከየት መጣ?» ማለት እኮ «ምንድን ነው?» ማለት ነው ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ዘሪንና ወላጅን ግን ያደባልቃል። የአውጥ ወላጅ አውጥ ነው፤ ወፍ ጥላው ትምጣ፣ ከፍግ ጋር ይምጣ፣ ሰው በመደብ ይዝራው፣ ሐረጉ ያው ነው። የዘር ሐረግ በተክሉ አካል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የዘሪው ስም ግን እዚያ የለም። ወላጁን ማወቅም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። በጥራጊ ጉድጓድ ዳር የበቀለ ዱባ እናቱ ያለጥርጥር ባለፈው ሳምንት ወይም ባለፈው ዓመት የተበላችው ዱባ ናት። ንብ ግን ከሌላ የዱባ አበባ ብናኝ አምጥታ ሊሆን ይችላል፤ ልጅየው በመልክም በጣዕምም እናቱን ላይመስል ነው። የዱባ ቤተሰብ በተፈጥሮው ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ አለው፤ የሰው ልጅ በረጅም ምርጫ ከምግብ ዱባና ዝኩኒ አጥፍቶታል፣ ያልታሰበ ድቀላ ግን መልሶ ሊያመጣው ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጀርመን አንድ አዛውንት ጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስጠነቅቀው ምላስ ላይ ያለው ምሬት ነው፤ የዘሩን ታሪክ መተረክ ማንንም አያድንም።

ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳስተው ባለቤትነትን ለመበየን ሲውል ነው። በርበሬ አገር በቀል ይመስለናል፤ መነሻው አሜሪካ ነው። የአስተናግርም መነሻ እዚያው ነው ተብሎ ይታመናል፤ ሆኖም የአማርኛ ስሞች አሉት፣ በአብነት ተማሪዎች ዘንድ አእምሮ ይከፍታል ከሚባለው አብሾ ጋር ተያይዞ ሲነሳ ኖሯል። ሁለቱም ከአንድ አህጉር መጥተው አንዱ ጌጣችን፣ አንዱ ምሥጢራችን ሆኑ። ሳይንሱም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። የዕፀዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ቡናን በዓረቢያ ስም ሲመዘግበው የሰየመው ተክሉ በማን በኩል እንደታወቀ እንጂ መነሻው የት እንደሆነ አይቶ አልነበረም። ስሙ እስከ ዛሬ አለ፤ የከፋ ጫካም ቡናውን እያበቀለ ነው።

«አረም» የሚለው ቃል ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ የመጀመሪያው አስመስሎ ይመልሳል። «ምንድን ነው?» ስንባል «አረም ነው» እንላለን፤ ስለ ተክሉ የተናገርን ይመስለናል፣ የተናገርነው ግን ስለ ፍላጎታችን ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ አንዳንድ ሰብሎች መጀመሪያ በሌላ ሰብል ማሳ ውስጥ የበቀሉ አረሞች እንደነበሩ ያስረዳ ሰው ነው። የሐበሻ አጃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ በደጋው የገብስ ማሳ ውስጥ ለብቻው ሳይዘራ ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ በዘሩ ውስጥ ተቀላቅሎ ለከርሞ ይመለሳል። አረም ነው ወይስ ሰብል? ተክሉን አገላብጠው ቢያዩት መልሱ አይገኝበትም። እዚህ ግን አንድ ነገር ማመን ይገባኛል። ሰው የታገሠው ተክል ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ይለወጣል፤ አጃው ከዱር ዘመዶቹ በተለየ ፍሬውን ሳያረግፍ የሚቆየው ለማጭድ ስለተመቸ ነው። ስለዚህ ፍርዳችን በረጅም ዘመን ውስጥ ምንነቱን ይነካል። ይህ ግን የሺህ ዓመት ሥራ ነው፤ ዛሬ ጠዋት መደብ ላይ ለተገኘው ችግኝ «አረም» ማለት ምንነቱን አይለውጠውም።

በማቴዎስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ የተጻፈው የእንክርዳድ ምሳሌ በስብከት በብዙ ተተርጉሟል፤ የአመክንዮ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማም። እንክርዳድና ስንዴ በለጋነታቸው አይለዩም፤ በምሳሌውም እንክርዳዱ የታወቀው ፍሬ በመጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አገልጋዮቹ የሚጠይቁት ከየት እንደመጣ ነው። ጌታቸውም ይመልስላቸዋል፤ ጠላት ነው የዘራው። እንግዲህ ምንነቱ ታወቀ፣ ዘሪውም ታወቀ፣ የዘሪውም ክፉ ሐሳብ ታወቀ። እንንቀለው ሲሉት ግን አይፈቅድላቸውም፤ ምክንያቱ ደግሞ ስለ ዘሪው ሳይሆን ስለ ሥሩ ነው፣ ስንዴው አብሮ ይነቀላል። ሦስተኛው ጥያቄ የራሱን ማስረጃ ጠየቀ፣ የራሱንም መልስ አገኘ። ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ሳልጋፋ፣ ከዚህ የጠራ የጥያቄዎች አለያየት በፍልስፍና መጻሕፍትም በቀላሉ አይገኝም።

«ቅንጬ አረም ጓሮህ ሲገባ እንዲህ ትፈላሰፋለህ ወይ?» የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ፓርቲኒየም የሚባለው ይህ ተክል ቆዳ ያሳክካል፣ ከብት አይበላውም ማለት ይቻላል፣ አንዱ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዘር ያራግፋል። አብቦ እስኪታወቅ መታገሥ ሰፈሩን ማስወረር ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚደግፈው ቶሎ መለየትን ነው። ቅንጬ ገና መሬት ላይ ተለጥፎ ሳለ የተሰነጣጠቀ ቅጠሉ ላላስተዋለ ሰው አሪቲ ሊመስለው ይችላል። ያልተዘራውን ሁሉ የሚነቅል አሪቲውንም ቅንጬውንም ያጠፋል፤ ይባስ ብሎ ከችግኝ ጣቢያ በተገዛ አፈር ውስጥ ተደብቆ የመጣውን ቅንጬ «እኔው ያመጣሁት ነው» ብሎ ውኃ ያጠጣዋል። አደጋን የሚለየው ቅጠሉን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዛሬ ስልክ ያለው ሰው ፎቶ አንስቶ መተግበሪያ መጠየቅ ይችላል። መተግበሪያው የሚያወዳድረው ምስልን ከምስል ነው፤ ቅጠል አሽቶ አያሸትም፣ ጠጉሩንም አይዳስስም። እንዲያም ሆኖ አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ አንድ ነገር በትክክል ለይቷል። ተክሉ ምን እንደሆነ በተጠቃሚዎች ስምምነት ይወሰናል፤ ሰው የተከለው መሆን አለመሆኑ ግን በተለየ ቦታ ይሞላል። ጓሮ ውስጥ ቢሆንም ራሱ የበቀለ ተክል ከዱር ይቆጠራል፤ ሰው የተከለው ደግሞ ስሙ የቱንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን ለምርምር የሚበቃ መረጃ ተብሎ አይመደብም። ስለ ተክሎች ሥርጭት ለሚያጠና ሰው ዘሪውን ማወቅ ያስፈልገዋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚሞላው ግን በራሱ ሳጥን ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከማጀት የሚመጣ ነው። መደቡ ጠባብ ነው፣ ምሳ መድረስ አለበት፣ የችግኝን ምንነት ለማጥናት ጊዜ የለም። ይህን አልከራከርም። «ቦታውን ለቃሪያ ፈለግሁትና ነቀልኩት» ያለች ሴት ለሦስተኛው ጥያቄ ንጹሕ መልስ ሰጥታለች፤ ስለ መጀመሪያው ምንም አልተናገረችም፣ መናገርም የለባትም። «አረም ስለሆነ ነቀልኩት» ያለችው ግን ያላየችውን መስክራለች። ባለሙያዎችም እስከሚያውቁት ድረስ ብቻ መናገርን ተለማምደውታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍት ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቅጾች ታትመው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዘረዝራሉ፤ ይህም ሁሉ ተጽፎ፣ አበባና ፍሬ የሌለው ናሙና ሲቀርብ የወገኑን ስም ብቻ ጽፎ የዝርያውን ክፍት መተው የተለመደ አሠራር ነው። አውጥ ራሱ ከዚህ ዓይነት ነው፤ በዚህ ስም ከምንጠራቸው መካከል እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ከአንድ በላይ ዝርያዎች አሉ፣ አረንጓዴ ፍሬያቸውም መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለልጅ አይሰጥም። የትኛው እንደሆነ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ፍሬው ሲበስል ጠቁሮ መቅረቱ ወይም ብርቱካንማ መሆኑ ነው፤ ያ ደግሞ የሚታየው ቃሪያው ቦታውን ካልፈለገውና ችግኙ ፍሬ እስኪያበስል ከቆየ ነው።