ያለ ኅሊና መለየት
በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አቀፍ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ በሚታከም ሰው የሊምፍ ዕጢ ውስጥ፣ ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድን የሚለየው የባክቴሪያውን የፕሮቲን ቁራጭ ከሚያሳየው ሌላ ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ነው። አብርሃም ኩፕፈርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በዚህ መገናኛ፣ ማለትም በበሽታ መከላከያ ሲናፕስ፣ ተቀባይ ሞለኪውሎች ከመሃል ይሰበሰባሉ፤ አጣባቂ ፕሮቲኖች በቀለበት ይከቧቸዋል። ከተቀባዮቹ በሚነሣው ምልክት በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ጂኖችም ይነቃሉ።

እንግዲህ ኅሊና የሌለው አካል ወዳጅን ከጠላት ከለየ፣ ያውቃል ሊባል ይገባዋልን? አማኝ በዚህ ሥርዓት የፈጣሪን ጥበብ ያያል፤ ነገር ግን ይኸው ሕዋስ አንዳንዴ የገዛ አካሉን ስለሚያጠቃ፣ ምስክርነቱ ያለ ፈተና አይቆምም። ይልቁንም አሳማኙ ፍርድ፣ መለየቱ የሕዋሱ የብቻ ሀብት ሳይሆን በሁለቱ ሕዋሳት መነካካት የሚወለድ መሆኑ ነው፤ ኤችአይቪም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በቀጥታ የሚሻገረው በተመሳሳይ መጣበቅ ስለሆነ፣ የመከላከያው በር የጥቃቱም በር ይሆናል።