ዝም ብሎ ማየት

«ምንም አልነካሁም፤ ዝም ብዬ ነው ያየሁት።» ቤት ውስጥ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር በልጅነታችን የምንመዛት መከላከያ ይህች ነበረች። የባሕር ወፎች የሚራቡባቸውን ትንንሽ ደሴቶች ሊጎበኝ በጀልባ የሚሄድ ሰውም ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ የለውም። አያድንም፣ እንቁላል አይለቅምም፣ ላባ አይነቅልም። ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማየት በእርግጥ ምንም አለማድረግ ነው ወይ የሚለው ነው።

ማየትን ከፍ አድርገው ከያዙት ፈላስፎች አንዷ፣ ልብወለድ ደራሲም የነበረችው አይሪስ መርዶክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመው «የመልካምነት ልዕልና» በተሰኘው መጽሐፏ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምሳሌ አለች። ሰው ተቀይሞ፣ ክብሬ ተነካ እያለ ሲብሰለሰል በመስኮት አሻግሮ ያያል፤ አንድ ጭልፊት በአየር ላይ ተንሳፏል። ያን ጊዜ ቂም የያዘው «እኔ» ይጠፋና ጭልፊቱ ብቻ ይቀራል። ለመርዶክ ከራስ ውጭ ያለን ነገር በትኩረት ማየት የግብረገብ ትምህርት ቤት ነው። በአብዛኛው እስማማለሁ። ነገር ግን ጭልፊቱ በመስኮቱ በኩል ያለፈው በራሱ ጉዳይ ነው፤ ተመልካቹም ከወንበሩ አልተነሳም። የደሴት ጎብኚ ትኬት ቆርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ወፎቹ ቤት ድረስ ይሄዳል። በእኛ ወግ እንግዳ ክቡር ነው፤ ሆኖም እንግዳን የሚያከብረው ባለቤቱ ነው። እዚህ «ግቡ» ያለ ባለቤት የለም።

አንዲት ደሴት ልጥቀስ። ስቶራ ካርልሶ በባልቲክ ባሕር ላይ፣ ከስዊድኑ ጎትላንድ በስተምዕራብ የምትገኝ የኖራ ድንጋይ ደሴት ናት፤ ከ1880 ጀምሮ ጥበቃ ይደረግላታል። ገደሏን በሺዎች የሚያጨናንቃት ወፍ በአማርኛ ስም የለውም፤ ስዊድኖች ሲልግሪስላ ይሉታል። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። ጎጆ አይሠራም። ባዶ ድንጋይ ላይ፣ ከገደሉ ወለል ብላ በወጣች ጠባብ ጠርዝ ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። ወፎቹ ደንግጠው ባንድ ጊዜ ግር ብለው ከተነሱ እንቁላሉ ተንከባሎ ይወድቃል፣ ወይም አድብቶ የቆየ ሌላ ወፍ ይወስደዋል። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ ክንፉ ገና ሳይጠነክር፣ አመሻሽ ላይ ከገደሉ ይዘላል፤ አባቱ ከታች ውሃው ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ሰዎች ይህን ሊያዩ ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር አይፈረድባቸውም።

እንዲህ ያለውን ኑሮ ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «እንግዲያው ቤታችን እንቀመጥ» ነው። ታሪክም ይደግፈዋል። የዚሁ ወፍ ዘመድ የነበረውና መብረር የማይችለው ታላቁ ኦክ ከምድር የጠፋው በጠላቶቹ ብቻ አይደለም። በእርግጠኝነት የሚታወቁት የመጨረሻዎቹ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1844፣ በአይስላንድ አቅራቢያ ባለችው ኤልዴይ ደሴት የተገደሉት ቆዳና እንቁላል ለሚሰበስቡ ሰዎች ተብሎ ነው። ሰብሳቢዎቹ ወፉን አይጠሉትም ነበር፤ እንዲያውም ብርቅ እየሆነ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይመኙት ነበር። ዛሬ ስልኩን ዘርግቶ ወደ ገደሉ ጫፍ የሚጠጋውን ሰው ሳይ (ድሮን የሚያስነሳውንማ ተዉት) ያ ምኞት በመሣሪያ ብቻ የተለወጠ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ መልስ ፈተና ገጠመው። በኮሮና ምክንያት ስቶራ ካርልሶን የሚረግጠው ጎብኚ እጅግ ቀነሰ። ወፎቹ በመጨረሻ ሰላም አገኙ ሊባል ነው። ደሴቲቱን ለዓመታት ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። ሰው ሲጠፋ፣ ሰውን ይፈራ የነበረው ጭራ ነጩ የባሕር ንስር መጣ፤ ቁጥሩ ሰባት እጥፍ ሆነ። ንስሩ ባንዣበበ ቁጥር ሲልግሪስላዎቹ ግር ብለው ከጠርዙ ይነሳሉ፣ እንቁላሉ ይጠፋል። በዚያ ዓመት የመራባት ውጤታቸው በ26 በመቶ ዝቅ አለ።

ይህን ጥናት ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ የሚጠብቅ የባላገር ልጅ ነው። ወንጭፍ ይዞ፣ እየጮኸ፣ ወፍ ያባርራል። ጎብኚውም ለካ ሳያውቀው ማማ ላይ ነበር። ልዩነቱ ልጁ ሥራውን ማወቁ ነው። ለማን እንደቆመ፣ ማንን እንደሚያስርብ ያውቃል፤ ማታ ቢጠየቅ «ዝም ብዬ ሳይ ነው የዋልኩት» አይልም።

የቱሪዝም ተከራካሪዎች ይህን እንደ ድል ሊይዙት ይችላሉ። እኔ አይመስለኝም። አለመሄድ ከደሙ ንጹህ እንደማያደርግ አሳይቷል፤ መሄድ ንጹህ እንደሚያደርግ ግን አላሳየም። ንስሩ ራሱ ተንኮለኛ አይደለም። በ1970ዎቹ በኬሚካል መርዝ የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ ከስዊድን ሊጠፋ የተቃረበ፣ በሰዎች ብዙ ድካም የተመለሰ ወፍ ነው። አንዱን አድነን ስናበቃ ሌላውን ከእሱ ለመጠበቅ መቆማችን ነው። እንዲህ ያለው ነገር በ«አልነካሁም» አይመለስም፤ ወገን መያዝ ነው፣ ወገን የያዘ ሰው ደግሞ ለምን እንደያዘ ይጠየቃል። እኔ ብጠየቅ ሲልግሪስላውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ግን ካየሁት ውበት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ንስሩን ቀድሜ ወድጄ ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ጀልባው ተመልሷል። ጎብኚው አጉሊ መነጽሩን በጠርዙ ላይ ተክሎ ጫጩቱ እስኪዘል ይጠብቃል። ከበላዩ አንድ ንስር ሰው መኖሩን አይቶ ክንፉን አዘንብሎ፣ ጦሙን ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለም።