ላብና ሚዛን

አንድ መምህር ወዳጄ ሐኪም ክብደቱን እንዲቀንስ ካዘዘው ዕለት አንሥቶ፣ ዘወትር ማለዳ ከቤቱ እየወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ በፈጣን እርምጃ ይጓዝ ጀመር። ሦስት ወር ብርድም ዝናብም ሳይበግረው ጸና። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ 92 ኪሎ የነበረው ክብደቱ 90 ኪሎ ሆኖ ቆየው። ያን ዕለት ጫማውን አልጋ ሥር ወርውሮ ወደ እኔ መጣና፣ «ለሁለት ኪሎ ብዬ ዘጠና ቀን ለፋሁ! ለመሆኑ ይህ ድካም ዋጋ አለው ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። በጊዜው የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ኪሎ የተጠየቀ ይምሰል እንጂ፣ በመሠረቱ የሰው ልጅ ድካም በምን ይለካል የሚል ጥያቄ ነበርና።

በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ ውፍረት ለረጅም ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል። «ወፈርህ፣ አማረብህ» ማለት እንደ ምርቃት ሲቆጠር፣ «ምነው ከሳህ?» የሚባለው ግን የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ረኃብ ደጋግሞ በጎበኘው አገር የሞላ ገላ ለሞላ ጎተራ ምስክር ነበር። ሞፈር ጨብጦ የሚውለውን ገበሬ፣ ከእንጦጦ ተራራ ማገዶ ተሸክማ የምትወርደውን እናት፣ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም የሚሰብካቸው አላስፈለጋቸውም። የእነርሱ ላብ እህል ሆኖ በማዕድ፣ እሳት ሆኖ በምድጃ ይታያል። ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፈው የቢሮ ሠራተኛ፣ መምህሩና ደራሲው ግን ላባቸውን ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈልገው ማግኘት ግድ ሆነባቸው። በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ ጎሕ ሳይቀድ ሲሮጡ ለብዙ ዓመታት የታዩት ሰዎች የሚያፈሱት ላብ እህልም ቤትም አይሆንም። ፍሬው በእጅ ስለማይጨበጥም ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያንንም ማስረጃ ሄዶ የሚለምነው ከሚዛን ዘንድ ነው።

ሚዛኑን ከመውቀሳችን በፊት ግን ለወዳጄ ቅሬታ ተገቢውን ቦታ እንስጠው፤ ሒሳቡ ከእርሱ ጋር ነውና። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ኪሎ ካሎሪ ኃይል ያዘለ ነው። የእርሱን ያህል ክብደት ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ፈጣን እርምጃ የሚያወጣው ኃይል ከ300 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ቢደርስ ነው። ከዚህ ውስጥ 200 ያህሉን አንድ ግማሽ ሊትር ለስላሳ መጠጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይመልሰዋል። «ዛሬስ ደክሜያለሁ» እየተባለ የሚጨመረው እንጀራ ሲታከልበት፣ የማለዳው ትርፍ በምሳ ሰዓት ያልቃል። ሰውነትም በበኩሉ ዝም ብሎ አይዘረፍም። ኸርማን ፖንትዘር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ታንዛንያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሐድዛዎች በቀን የሚያወጡትን ኃይል ለኩ። የሐድዛ ወንዶች በቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሴቶቹ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ሆኖም የሰውነት መጠን ልዩነት ተቀናንሶ ሲታይ፣ በቀን የሚያወጡት ኃይል በቢሮና በመኪና ውስጥ ከሚውለው ምዕራባዊ ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ሰውነት በአንድ በኩል ብዙ ወጪ ሲበዛበት በሌላ በኩል ይቆጥባል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ክብደትን በመቀነስ ረገድ ትልቁ ሥራ የሚሠራው በማዕድ ዙሪያ እንጂ በሩጫ ሜዳ አይደለም።

ይህ እውነት ከታወቀ ዘንድ፣ ሌላውን ለመቀስቀስ አደራ የተሰጠን ሰዎች ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። ካድሬው በስብሰባ፣ መምህሩ በክፍል፣ አርቲስቱ በመድረክ «ሩጥ፣ ትከሳለህ» እያልን ስንቀሰቅስ ምን እያደረግን ነው? ዓላማችን ቀና ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ከወንበሩ ይነሣ እንጂ በምን ምክንያት እንደ ተነሣ ምን ያገባናል እንል ይሆናል። ነገር ግን በሐሰት ተስፋ የተነሣ ሰው፣ ተስፋው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ዕለት ይቀመጣል። ወዳጄን አልጋው ሥር ጫማ ያስወረወረው ስንፍና አይደለም። ዘጠና ቀን በማለዳ የተነሣ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። ያስወረወረው፣ የማይከፈለውን ደመወዝ ቃል የገቡለት ሰዎች ንግግር ነው። ቅስቀሳ ከእውነት ሲርቅ የሚጎዳው በመጀመሪያ ያመነውን ሰው ነው።

ታዲያ እውነተኛው ደመወዝ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ለንደን የአውቶቡስ ሠራተኞች አንድ ጥናት አሳተመ። በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ ቀኑን ተቀምጦ ሲነዳ፣ ቲኬት ቆራጩ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ደም ሥር በሽታ የሚያዙትና ቶሎ የሚሞቱት ቲኬት ቆራጮች ከሹፌሮቹ በቁጥር አነሱ። ምናልባት ሹፌሮቹ ስለ ወፈሩ ይሆን? እነሞሪስ ይህንንም አላለፉትም። እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አስቀርበው የሱሪያቸውን ወገብ ልክ መረመሩ። በእርግጥም የሹፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑ ከቀጭኑ፣ መካከለኛው ከመካከለኛው፣ ወፍራሙም ከወፍራሙ ጋር ሲነጻጸር፣ ደረጃ ይወጣ የነበረው ቲኬት ቆራጭ ከድንገተኛ ሞት ይበልጥ ተጠብቆ ተገኘ። ሱሪው ያልመሰከረለትን ድካም ልቡ መዝግቦታል ማለት ነው። ሞሪስ ራሱ እንቅስቃሴን ሳይተው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመቱ አረፈ።

ለሚከሳውም ሰው ቢሆን እንቅስቃሴ ከንቱ አይደለም። ምግብ በመቀነስ ብቻ ክብደቱን ያወረደ ሰው፣ ከቀነሰው ውስጥ ሩብ ያህሉ ስብ ሳይሆን ጡንቻና ሌላው ጠቃሚ የሰውነት ክፍል ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ይህን ኪሳራ የሚቀንሰው ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ አንድ መዝገብ፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎችን ይከታተላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ተናግረዋል። መክሳትን የሚያመጣው ማዕድ ቢሆንም፣ የከሳውን በከሳበት ለማቆየት እንቅስቃሴ የበኩሉን ድርሻ ያበረክታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ ምክሩ ለወፍራሙም ለቀጭኑም አንድ ነው።

አስተዋይ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ያቋርጠኝ ይሆናል። «የኪሎን ሚዛን አንሥተህ የልብን ሚዛን ተካህ እንጂ ነገሩ ያው ንግድ አይደለምን?» ይለኛል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ጥንታዊው ፈላስፋ አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ተግባር ለይቷል። አንደኛው እንደ ቤት መሥራት ፍሬው ከሠሪው ውጭ የሚቀር ሲሆን፣ ሁለተኛው ግቡ በራሱ በድርጊቱ ውስጥ የሚገኝ ነው። ከዚህኛው ወገን የሚሰለፍ ድካም ሠሪውን ራሱን ይለውጣል። አበው ጾምን ከስግደት ጋር አጣምረው ሲያዙ፣ ሆድን ማጉደል ብቻውን ሰውን እንደማያንጽ በመገንዘባቸው ይመስለኛል፤ ሰጋጁንም ከስግደቱ በኋላ የመዘነው የለም። በቴአትር ቤትም ተዋናዩ ወራት የሚፈጅበት ልምምድ በጭብጨባው መጠን ብቻ አይገመትም። ተመልካች ባነሰበት ምሽት እንኳ፣ ያ ልምምድ የተዋናዩ አካልና ድምፅ ሆኖ አብሮት ይቆማል።

ድካምን በሚዛን ብቻ የማንበብ ልማድ ከግል ቅሬታ አልፎ ፍርድንም ያዛባል። ሚዛኑ የላብ መዝገብ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ወፍራሙን ሁሉ ሰነፍ፣ ቀጭኑን ሁሉ ትጉህ አድርጎ ይቆጥራል። የውፍረት መንሥኤ ግን ብዙ ነው፦ ከወላጅ የሚወረስ ተፈጥሮ፣ የምግቡ ዓይነት፣ ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ማጣት። ቀን በአንድ ቦታ፣ ሌሊት በሌላ ቦታ በጥበቃ የሚሠራ አባወራ ለማለዳ እርምጃ የሚተርፈው ሰዓት ከየት ይመጣል? እርሱን በቦርጩ መተቸት፣ ጊዜ የተረፈው ሰው ጊዜ ባጣው ላይ የሚፈጽመው በደል ነው። ለሰዉ ሁሉ የሚራመድበት ጥርጊያ መንገድና የሚያርፍበት ሰዓት እንዲኖረው ማድረግ ከስብከቱ መቅደም አለበት።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ያን ዕለት ሲያማርር፣ ልብ ሳይለው አንድ ነገር አምልጦት ነበር። የሚያስተምርበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ሁለት ጊዜ እየቆመ፣ የደረጃውን ብረት ይዞ ትንፋሹን እየሰበሰበ ይወጣ የነበረው ሰው፣ አሁን ከተማሪዎቹ ጋር እየተነጋገረ እንደሚወጣ ነግሮኛል። ይህን የነገረኝ ስለ ተማሪዎቹ ሊያጫውተኝ ብሎ እንጂ ስለ ራሱ አልነበረም። ቆይቼ ሄጄ መልሱን የሰጠሁት ከዚሁ ከራሱ ወሬ ወስጄ ነው። ድካምህ ዋጋ አለው፤ ሁለት ኪሎውም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሌላውን መቀነስ ከፈለግህ ማዕድህን ተመልከት፤ የማለዳው ላብህ ግን ሚዛን ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ ተከፍሎሃል አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ለካ ብረቱን ከያዝሁት ሰንብቻለሁ» አለኝ።